መንጋጋ ሲረዝም አጥንቱን ቀና ማድረግ

ታካሚዬ ከጎንደር ወጣ ካለ ገጠር የመጡ ገበሬ ናቸው። በቅሎ ረግጣቸው የታች የፊት ጥርሶቻቸው ከነአጥንታቸው ሄደዋል። የቀረው አጥንት ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚገባ ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር) ለመትከል አይበቃም። ከሌላ ቦታ አጥንት ከመውሰድ ያለውን ማስረዘም መረጥን።

ሐሳቡ የሶቪየቱ የአጥንት ሐኪም የኢሊዛሮቭ ነው። እሱ ከ1950ዎቹ ጀምሮ እግር ላይ ሠርቶበታል። ጥርስ በሚይዘው የመንጋጋ ጠርዝ ላይ የሠሩት ሐኪሞች ቺን እና ቶዝ ውጤታቸውን ያሳተሙት በ1996 ነው፤ ሁለቱም በፈረንጆች አቆጣጠር። የአጥንቱ የላይኛው ክፍል ይቆረጥና ማራዘሚያ ብሎን ይታሰርበታል። ከ5 እስከ 7 ቀን ይጠበቃል። ከዚያ ብሎኑ እየተዞረ ቁራጩ በቀን 1 ሚሊሜትር ገደማ ወደ ላይ ይገፋል፤ ክፍተቱን አዲስ አጥንት ይሞላዋል።

ፈተናው አቅጣጫው ነው። በምላስ በኩል ያለውን ድድ አንገልጠውም፤ ቁራጩ ደም የሚያገኘው ከዚያ ነዋ። ግን ያው ድድ እንደልብ አይለጠጥም። ቁራጩ ከፍ ባለ ቁጥር ወደ ምላስ ይስበዋል። ይህን አስበን ብሎኑን ትንሽ ወደ ከንፈር አዘንብለን አሰርነው። ከመስፋታችን በፊትም አዙረን ሞከርነው፤ የትም እንደማይነካ አይተን መለስነው።

እንዲያም ሆኖ ቁራጩ ወደ ምላስ አዘነበለ። ቀድማ ያወቀችው ልጃቸው ናት። አዘዞ ዘመድ ቤት አርፈው ጠዋትና ማታ የምታዞርላቸው እሷ ነበረች። «ዶክተር፣ ብረቱ የአባባን ምላስ መንካት ጀምሯል» አለችኝ። ከፊት ሲያዩት ደህና ይመስላል። መዝማሙ የሚለየው ከላይ ወደ ታች ሲያዩት ነው።

ደግነቱ ጊዜው አላለፈም። አዲሱ አጥንት ሳይጠነክር እንደ ሊጥ ይታዘዛል፤ ከጠነከረ ግን ዳግም መቁረጥ ነው። ግራና ቀኝ ባሉት ጥርሶች ላይ ወፍራም ሽቦ አሰርኩ። ከሽቦው ወደ ብሎኑ ዘንግ ላስቲክ ወጠርኩ። ማዞሩም ቀጠለ። ድዱ ነጣ ሲል ላስቲኩን አላላሁት። ደም ካጣ ቀጥ ማለቱ ምን ሊጠቅም? ቀለሙ ሲመለስ እንደገና ወጠርኩ፤ ቀስ በቀስ ቀና አለ።

ቀና ካለ በኋላም ሽቦውን አልፈታሁም፤ ድዱ መልሶ ይስባልና። አጥንቱ እስኪጠና 3 ወር ገደማ አብሮ ቆየ። ኢምፕላንቶቹን የተከልኩት ብሎኑን ባወጣሁበት ቀን ነው።