ሙቀቱን ላበርድ ብዬ ጉበቴን አቃጠልኩት

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንሶላውን ገፍፌ መነሳት ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። የወር አበባ ሲቋረጥ የሚመጣው የማረጥ ሙቀት ደረቴ ላይ ይነሳል። አንገቴን ይዞ ወደ ፊቴ ይወጣል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ነድጄ፣ በላብ ተነክሬ፣ ወዲያው ደግሞ ብርድ ያንቀጠቅጠኛል። ቀን ስብሰባ መሀል ሲመጣብኝ ያገኘሁትን ወረቀት አንስቼ ማራገብ ነው። ሰው የተናደድኩ ይመስለዋል።

ሐኪም ጋ ሄድኩ። በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማያንስ ሰውዬ ቀና እንኳ ሳይል፣ «እናቴ፣ ይሄ እኮ የዕድሜ ነው፤ ያልፋል» አለኝ። መቼ? እሱን አልነገረኝም። በብዙ ሴቶች ላይ ከሰባት ዓመት በላይ ሊቆይ እንደሚችል ያነበብኩት በኋላ ነው። ስለ ሆርሞን ሕክምና ሳነሳበት «ካንሰር ያመጣል» ብሎ በአንድ ቃል ዘጋው። ወደ ቻይና ባህላዊ ሕክምና የሄድኩት በንዴት ነው ብል አልዋሸሁም።

እዚያ የሚሉት እንዲህ ነው። ሰውነት ውስጥ የሚያቀዘቅዝ «ዪን» እና የሚያሞቅ «ያንግ» አለ። በማረጥ ዕድሜ የኩላሊት ዪን ይሳሳል፤ ውሃው ሲጎድል እሳቱ ብቻውን ይቀራል። ኩላሊት ሲሉ ታዲያ ላቦራቶሪ የሚመረምረውን ማለታቸው አይደለም። ዘመናዊው ሕክምና በበኩሉ ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ሲቀንስ አንጎል ውስጥ ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያ በትንሽ በትልቁ ይደነግጣል ይላል። እኔ የልቤን የነገረኝ የመጀመሪያው ነው። ሕመምን አሳምሮ መግለጽ ሌላ፣ ማዳን ሌላ መሆኑ ግን ያኔ አልታየኝም።

በቀላሉ ጀመርኩ። ማታ ማታ ቡና ተውኩ። ከመተኛቴ በፊት ሳንዪንጃዎ የሚባለውን ቦታ እጫናለሁ፤ ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት በላይ አራት ጣት ለክታችሁ፣ ከቅልጥሙ አጥንት ኋላ የምታገኙት ስስ ቦታ ነው። በአውራ ጣት ለሁለቱም እግር ሁለት ሁለት ደቂቃ። እርግዝና የሚጠረጠር ከሆነ ግን ይቅርባችሁ።

በ2016 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት አለ፤ ስለ መጫን ሳይሆን ስለ አኩፓንቸር፣ እንዲህ ያሉ ቦታዎችን በቀጭን መርፌ ስለመውጋት ነው። 327 ሴቶች ተሳትፈውበታል። እውነተኛውን መርፌ የተወጉትም፣ ቆዳ የማይበሳ የማስመሰያ መርፌ የተደረገላቸውም ሙቀታቸው በ40 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ልዩነት የለም። ባለሙያዎቹ «ስለዚህ አይመከርም» አሉ። ይበሉ። እግሬን በራሴ አውራ ጣት ብጫን ማንን ይጎዳል? እስከ ዛሬ እጫናለሁ።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

በዚያው ሳምንት የዕፅዋት እንክብል የሸጠችልኝ ሴትዮ አነጋገሯ ማር ነው። ለሙቀቱም ለሽበቱም ነው አለች። «የተፈጥሮ ነው እኮ የኔ እመቤት፣ ምንም ጉዳት የለውም።» ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ አብዛኛው ቻይንኛ ነው። ካነበብኩት ውስጥ የሁለት ሥሮች ስም ብቻ አስታውሳለሁ፤ ዳንግ ጉይ እና ሄ ሾው ዉ። ሁለተኛው ሄ የሚባል ሰውዬ ሥሩን በልቶ ፀጉሩ መልሶ ጠቆረ የሚል ተረት አለው። እኔ የተማርኩት ሴትዮ ተረቱን ወደድኩት። ሥሩ ጉበት ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማየት አንድ ደቂቃ አላጠፋሁም። ስልክ ስገዛ እንኳ ሳምንት ሙሉ ነው የማጣራው!

በቀን ሦስት ጊዜ፣ አራት አራት። በሁለት ሳምንት ሙቀቱ ቀነሰ። ደብተር ላይ እቆጥር ስለነበር አውቃለሁ፤ በቀን ከአሥራ አንድ ወደ ስድስት ወረደ። ለጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ። ከዚያ፣ ጥሩ ከሆነ ይብዛ ብዬ፣ ስድስት ስድስት ማድረግ ጀመርኩ። ማንም አላዘዘኝም። ይሄ የራሴ ነው።

በአምስተኛው ሳምንት ምግብ አስጠላኝ። ደረጃ መውጣት አቃተኝ። መዳፌን ያሳክከኛል። ሽንቴ እንደ ከረረ ሻይ ጠቆረ። ለሴትዮዋ ስደውል «መርዙ እየወጣልሽ ነው፣ እንዳታቋርጪ» አለችኝ። እኔም አላቋረጥኩም። አሥር ቀን! አሁንም ሳስበው የሚያንገበግበኝ ያ አሥር ቀን ነው።

ልጄ ናት ያየችው። መስኮት አጠገብ ቁጭ ብለን «እማዬ፣ ዓይንሽ ምን ሆኗል?» አለች። መስታወት ጋ ሄድኩ። ነጩ ቢጫ ሆኗል።

ክሊኒኩ ውስጥ ቅጽ ሰጡኝ። «የሚወስዱት ሌላ መድኃኒት አለ?» ይላል። «የለም» ብዬ ጻፍኩ። ሥር መድኃኒት ነው ብዬ አላሰብኩም ብል ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ሐፍረት ነው። በዚያች አንዲት ቃል ሦስት ቀጠሮ ተቃጠለ። የሄፓታይተስ ምርመራ፣ የለም። አልትራሳውንድ፣ የሐሞት ጠጠር የለም። ጉበት ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚበዛው የጉበት ኢንዛይም ግን ሰማይ ነክቷል። በመጨረሻ ደም የምትቀዳዋ ነርስ፣ ሐኪሞቹ ሁሉ ያልጠየቁኝን ጠየቀችኝ። «ሻይ፣ ቅጠል፣ ሥር፣ እንክብል፣ ከፋርማሲ ውጪ የሚዋጥ ምንም ነገር የለም?» ዝም አልኩ። «ጠርሙሱን ይዘሽልኝ ነይ» አለች።

ሄ ሾው ዉ ጉበት እንደሚጎዳ ተደጋግሞ ተጽፏል፤ ጥሬውም፣ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውም። አቆምኩ። ኢንዛይሙ ወደ ቦታው ለመመለስ ሦስት ወር ገደማ ወሰደበት። ሻጯ ስልኬን አታነሳም።

ዕፅዋት አትንኩ አልልም፤ ብልም የሚሰማኝ የለም። ግን ጠርሙሱ ላይ የእያንዳንዱ ተክል የላቲን ስም ከሌለ መልሱት። ፖሊጎነም መልቲፍሎረም የሚል ካያችሁ ሄ ሾው ዉ ማለት እሱ ነው። ዋርፋሪን የመሰለ ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ዳንግ ጉይ አትቅረቡ፤ ያደማል። ደግሞም ብቻውን ሲወሰድ ለሙቀት ከማስመሰያ ክኒን እንደማይሻል በ1997 በወጣ የ24 ሳምንት ጥናት ታይቷል። የቻይና ሐኪሞች «እኛ መቼ ብቻውን ሰጠን?» ብለው ተከራክረዋል፤ እውነት አላቸው። ከመጀመራችሁ በፊት የጉበት ምርመራ አድርጉ፣ ከወር በኋላም ድገሙት። የምትወስዱትን ሁሉ ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ ቢያመናጭቃችሁም ንገሩት።

ሦስት ነገር ባንድ ሳምንት አትጀምሩ። ቡና መተዉን፣ መጫኑን፣ እንክብሉን አንድ ላይ ስለጀመርኩ የትኛው እንደረዳኝ ማወቅ አልቻልኩም ነበር። እንክብሉን ካቆምኩ በኋላ ደብተሬን ገለጥኩ። ስድስት። ስድስት። ሰባት። ስድስት።

በኋላ ያገኘኋት ሐኪም ስለ ሆርሞን በደንብ አስረዳችኝ። ዕድሜዋ ከ60 በታች ለሆነ፣ ካረጠች አሥር ዓመት ላልሞላትና ሌላ የሚከለክል ሕመም ለሌለባት ሴት ብዙውን ጊዜ ጥቅሙ እንደሚያመዝን ነገረችኝ። ደስ ብሎኝ «ዛሬውኑ ልጀምር» አልኳት። ወረቀቴን አገላብጣ አየችው። «ጉበትሽ እስኪረጋጋ አይሆንም» አለችኝ።