ቁልቢ ገብርኤል ለእናቴ ደረሰላት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን የምጽፈው ስለት ስላለብኝ ነው። እናቴ አንድ ጉንጭ ውሃ በጉሮሮዋ ከወረደላት ለሰው ሁሉ እመሰክራለሁ ብዬ ለቁልቢ ገብርኤል ተስዬ ነበር። ወርዶላታል። ረዘም ቢልም አንብቡልኝ። በተለይ ቤታችሁ ውስጥ «ምግብ አልወርድ አለኝ» የሚል ሰው ካለ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡ።

የምንኖረው ድሬዳዋ ነው፣ ከዚራ አካባቢ። እናቴ ጠዋት ጠዋት ፈጢራ ነፍሷ ነው። መጀመሪያ የተወችው እሱን ነው። «ደረቴ ላይ ይቆማል» አለች። ከዚያ ዳቦ ተወች፣ ከዚያ ሥጋ። እንጀራውንም በሽሮ አርሳ አርሳ፣ በየጉርሻው ውሃ እየተጎነጨችለት ነበር የምትበላው። ክሊኒክ ወሰድናት። ጨጓራ ነው ተባልን፣ ኦሜፕራዞል ታዘዘላት። ሌላ ክሊኒክ ሄድን፣ አሁንም ጨጓራ። መድኃኒቱ እያለቀ ሌላ እየተገዛ፣ እሷ ደግሞ እየከሳች፣ ቀሚሶቿ ሁሉ ሰፏት። አጥሚትም እንቢ አለ። በኋላ የገዛ ምራቋን መዋጥ አቅቷት ከጎኗ ኩባያ ይዛ መትፋት ጀመረች።

ሐረር ሄደን በካሜራ ታየች። ኢንዶስኮፒ የሚሉት ነው፤ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለበት ቀጭን ቱቦ በአፍ ገብቶ የምግብ ቧንቧውንና ጨጓራውን ያሳያል። ዶክተሩ ጠርቶ ስክሪኑን አሳየኝ። ቧንቧው መሃል ላይ ዕጢ በቅሎ መንገዱን ዘግቶታል፤ ካሜራው ራሱ አላልፍ ብሎ ቆመ። ናሙና ተቆርጦ ተላከ። ውጤቱ ካንሰር ሆኖ መጣ።

ውጤቱን ይዘን ወደ ድሬ ስንመለስ መኪና ውስጥ ማንም አልተናገረም። ደንገጎ ስንደርስ መንገዱ ይከፈላል፤ አንዱ ቁልቁል ወደ ድሬ፣ አንዱ ወደ ቁልቢ። እናቴ «ቁልቢ ውሰዱኝ» አለች። ወሰድናት። የንግሥ ቀን ስላልነበር ግቢው ጭር ብሏል። ጸበል ቀዱላት፤ ቀመሰች፤ ተመልሶ በአፍና በአፍንጫዋ ወጣ። በነጠላዋ እየጠረገች አለቀሰች። ስለቱን የተሳልኩት ያኔ ነው። እሷም በልቧ የተሳለችው ነበራት፣ እመጣበታለሁ።

ያን ሰሞን አንዳንድ ሰው «ሐኪም ቤት ተዉት፣ ጸበል ብቻ ያዙ፣ ካንሰር ቢላ ከነካው ይበተናል» ይለን ነበር። የንስሐ አባታችንን ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ሲራክ ምዕራፍ 38ን አንብቢ። ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል። እሱ በወደደው በኩል ይረዳናል፣ እኛ መንገድ አንመርጥለትም» አሉኝ። ይህን የምጽፈው ዛሬም በዚያ ወሬ ታስሮ ቤቱ የተቀመጠ በሽተኛ እንዳለ ስለማውቅ ነው።

አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈላት። ገንዘቡን ከየት አመጣችሁ ካላችሁኝ፣ የሰፈር ሰው ነው። ዕድሩ አዋጣ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ቤት ለቤት ዞረው ሰበሰቡ፤ አንዷ እናት ደግሞ «አቦ አታልቅሺ፣ እኛም ዱዓ ይዘናል» ብላ አቅፋ ሸኘችኝ። ድሬ እንዲህ ናት።

ሲቲ ስካን ተነሳች። ዕጢው ወደ ጉበትም ወደ ሳንባም አልሄደም ተባለ። ያኔ ነው መጀመሪያ የተነፈስኩት፤ ምክንያቱም ይህ በሽታ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከተሰራጨ በኋላ ነው። እንደዛ ከሆነ ቀዶ ጥገናው አይጠቅምም፣ ቧንቧው ውስጥ ማስፊያ አስገብተው ምግብ እንዲያልፍ ብቻ ያደርጋሉ። የኛን «ሊወጣ ይችላል» አሉን። ግን እንደዛ ከስታ ቀዶ ጥገናውን አትችለውም። ስለዚህ በሆዷ በኩል አንጀቷ ውስጥ ቀጭን ቱቦ ገባላትና በእሱ መመገብ ጀመረች፤ ዕጢውን ለማሟሸሽ ኬሞ ወሰደች። ፀጉሯ ረገፈ። ግን ፊቷ ሞላ፣ ድምጿ ተመለሰ።

ቀዶ ጥገናው ቀኑን ሙሉ ፈጀ። ሆዷም የቀኝ ደረቷም ተከፍቶ፣ ዕጢ ያለበት የቧንቧ ክፍል ከነዙሪያው ወጣ፤ ከዚያ ጨጓራዋን እንደ ቱቦ አድርገው ወደ ደረቷ ስበው ከቀረው ቧንቧ ጋር ሰፉት። አንድ ቱቦ ከጎኗ ወጥቶ አልጋው ሥር ካለ ጠርሙስ ጋር ተያይዟል፤ ደረቷ ውስጥ የሚጠራቀመው ፈሳሽ በእሱ ይወርዳል። ዶክተሩ ወጥቶ «ዕጢው ወጥቷል፣ አሁን የምንፈራው ስፌቱን ነው» አለን። ስፌቱ እስኪይዝ ውሃ ጠብ አይልላትም።

የፈራው ደረሰ። ትኩሳት ያዛት፣ ትንፋሿ ተቆራረጠ። ሰማያዊ ቀለም የተቀላቀለበት ውሃ ትንሽ አጠጧትና እኔና ነርሷ ጠርሙሱን ማየት ጀመርን። ፈሳሹ ደም መሰል ነበር። እያየሁት ቱቦው ውስጥ ሰማያዊ መስመር ወረደ። ነርሷ ምንም አልተናገረችኝም፣ እጄን ያዘችኝ። በአፏ የገባው በደረቷ በኩል እየወጣ ነው ማለት ነው። ስፌቱ አፍስሷል። ዶክተሩ አልደበቀኝም። «ደረቷ ውስጥ ኢንፌክሽን አለ። የሚተርፍ አለ፣ የማይተርፍ አለ። ሌላ ቱቦ እንጨምራለን፣ ጠንካራ አንቲባዮቲክ እንሰጣታለን፣ በአንጀቷ እንመግባታለን። ሌላው የጊዜ ጉዳይ ነው» አለኝ። «የእግዚአብሔር ጉዳይ ነው» አልኩት። «እሱማ ነው» አለኝ።

ታኅሣሥ 19 የዋለው በዚያው መሃል ነው። እህቴና የሰፈሯ ሴቶች ስለ እናቴ ብለው ከድሬ በእግራቸው ደንገጎን ወጥተው ቁልቢ ገቡ። ያን ዕለት የሚታሰበው ገብርኤል ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣበት ነው። እኔ በልጅነቴ የሰማሁትን ታሪክ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሜ እንደ አዲስ አሰብኩት። አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል እሳት ውስጥ ከመጣል አልዳኑም እኮ! ተጥለዋል። መልአኩ የመጣው እሳቱ ውስጥ ነው። እስከዚያ ድረስ «ለምን ይሄ ደግሞ ተጨመረባት» እያልኩ ነበር የምጸልየው። ከዚያ በኋላ «እዛው ያለችበት ግባላት» ማለት ጀመርኩ። እህቴ ስልኳን ወደ ሕዝቡ ዘርግታ ደወለችልኝ፣ ነርሷ ፈቅዳልኝ እናቴ ጆሮ ላይ ያዝኩላት። እልልታው ሲሰማት በኦክስጅኑ ጭምብል ውስጥ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

ትኩሳቱ ቀስ በቀስ ወረደ። ጠርሙሱ ውስጥ የሚወርደው ፈሳሽ እየጠራ፣ እያነሰ ሄደ። ሌላ ጊዜ ያንኑ ሰማያዊ ውሃ እንደገና አጠጧት። ቆመን አየን። ብዙ ቆየን። ጠብታ ሰማያዊ የለም! ራጅ ላይ የሚታይ ፈሳሽ አጠጥተውም አነሷት፤ ቀጥ ብሎ ወረደ። ዶክተሩ በማንኪያ ውሃ ስጧት አለ። ዋጠች። ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች፣ እንዳይመለስ። አልተመለሰም። «ደረሰ» አለችኝ።

ስለቷን በሐምሌ 19 ራሷ ይዛው ሄደች። ጃንጥላ ነበር የተሳለችው። ዝናቡ እየወረደባት፣ ሰው እያለፈ እየገፋት፣ ባለ ወርቅ ዘርፉን ጃንጥላ በሁለት እጇ አቅፋ ሰልፍ ያዘች። «ልያዝልሽ እማ» ብላት አልሰጥም አለችኝ።

አሁን ትንሽ ትንሽ እያደረገች በቀን ብዙ ጊዜ ትበላለች፣ ምክንያቱም ጨጓራዋ እንደ ድሮው ሰፊ አይደለም። በልታ ወዲያው አትተኛም፤ ማታም ትራሷን ከፍ አድርጋ ነው የምትተኛው። ሻይም ቤታችን እስኪበርድ ይጠበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የሚፋጅ መጠጥ ለዚህ ካንሰር ሊያጋልጥ ይችላል ማለቱን ዶክተሩ ከነገረን ወዲህ ነው። ቀጠሮዋን ጠብቃ ትታያለች፤ እስካሁን ያየነው ሁሉ ደህና ነው። ወገኖቼ፣ ደረቅ ምግብ አልወርድ ያለው ሰው እየከሳ ከሄደ በጨጓራ መድኃኒት ብቻ አታቆዩት፤ በካሜራ ይታይ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። እናቴ አጠገብ የተኛች የሁለት ልጆች እናት ነበረች። ከባሌ ነው የመጣችው። የሷ ተሰራጭቶ ስለነበር ማስፊያ ገብቶላት ወደ አገሯ ተመለሰች። እሷም ጸልያለች፣ ከእናቴ ባላነሰ እምነት። ስንለያይ «ደጁ ስትደርሺ አስቢኝ» ብላ እናቴን አደራ አለቻት፤ እናቴም በሐምሌ በስሟ ሻማ አበራችላት። እናንተም ዛሬ ማታ ስትጸልዩ አስቧት፤ ስሟን እግዚአብሔር ያውቀዋል።