ባሕሩ የሄደበት ቀን

ዕቅዱን የጻፍኩት በትልቋ ልጄ የሒሳብ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ ነው። ጥር ወር ነበር፤ የደሴ ብርድ አጥንት ሰርስሮ የሚገባበት ሰሞን። ለልጆቹ የአጋማሽ ዓመት እረፍት ሊደርስ ነው። እኔ አምስት ቀን የዓመት ፈቃድ አለኝ። እማዬ ደግሞ አንድ ጥያቄ አላት፤ «ባሕር ሳላይ ልሙት?»

ሐይቅን ማለቷ አይደለም። ሐይቅን ስንቴ አይታዋለች፣ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ቢርቅ ነው። አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። መንገዱ በ1990 ጦርነቱ ሲጀመር እስኪዘጋ ድረስ፣ ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርጎ አሰብ ይመላለስ ነበር። ሲመለስ ጨውና ወሬ ይዞ ይመጣል። እማዬ ጨውን ትቀበለዋለች፤ ወሬውን አትቀበለውም።

አሰብ እንግዲህ አይሆንም። ጅቡቲ ቅርብ ናት፤ ባለቤቴ ግን ታሪክ ያለው ከተማ ካልሆነ ንቅንቅ አልልም አለች። የታሪክ አስተማሪ ናት፤ እረፍቷንም ታስተምርበታለች። በመጨረሻ ሞምባሳ ላይ ተስማማን። ኬንያ ለኢትዮጵያዊ ቪዛ አትጠይቅም፣ ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ፣ ከተማዋ የድሮ ሰፈር አላት፣ ባሕርም አላት። ቢያንስ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ዕቅዴ ሰዓትና ደቂቃ አለው። «ረቡዕ 3፡00 ምሽግ። ሐሙስ 4፡00 ባሕር።» የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ አወጣን። ለዶላሩ ሁለት ባንክ ዞርኩ። እማዬ ሻንጣዋ ውስጥ ጋቢ ስትከት ያዝኳት።

«እማዬ፣ እዚያ እኮ ይሞቃል።»

«ይሞቃል የተባለ አገር ሁሉ ማታ ይበርዳል። አብሽር፣ አንተ አትሸከመውም።»

ሐረጎን ቁልቁል ወርደን ከኮምቦልቻ በረርን፣ ቦሌ ግማሽ ቀን ተቀመጥን፣ ማታ ሞምባሳ ገባን። ከአየር ማረፊያው ታክሲው 3,500 ሺሊንግ አስከፈለኝ። በማግስቱ አንድ ሰው ከ1,500 አይበልጥም አለኝ። ይህን ለባለቤቴ አልነገርኳትም። እዚህ ስታነብ ትሰማዋለች።

ያረፍንበት ቤት የድሮው ከተማ ጥግ ላይ ነው። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ አየር ግን የለውም። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፣ ማራገቢያው ቆመ። አጎበሩ የልጅ ጭንቅላት የሚያሾልክ ቀዳዳ አለው። ባለቤቴ በፀጉር ማስያዣዋ ቋጠረችው፤ ትንኟ ግን ቀድማ ገብታለች። እኔ በጨለማ ሳጨበጭብ አደርኩ። ጦሳ ተራራ ሥር፣ ደሴ ሆኜ ብርዱን ያማረርኩበትን አፌን ረገምኩት። እማዬስ? ጋቢዋን ውሃ ነክራ ጨመቀችው፣ ተከናነበችው፣ ለጥ ብላ ተኛች። ጠዋት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ጋቢ አትያዢ ያለኝ ማን ነበር?»

የነቃሁት በአዛን ነው። ከአንዱ መስጊድ ሲጀምር ሌላው ይቀበለዋል። ለአፍታ ደሴ፣ አረብ ገንዳ ያለሁ መሰለኝ፣ ላቡ ባይኖር።

ቁርስ ማሐምሪ ነበር። በኮኮናት ወተትና በሄል የተቦካ ሊጥ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ሆኖ የተጠበሰ። ፓስቲ ተምሮ ቢመረቅ እሱን ይሆን ነበር። እማዬ የእጅ ሰዓቷን ጠቆም አድርጋ ያቀረበችልንን ሴትዮ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ አንድ ጣቷን አወጣች፤ «ሳ ሞጃ» አለች። አንድ ሰዓት ማለቷ ነው። የእኔ ስልክ ሰባት ይላል። ስዋሂሊ ተናጋሪውም እንደ እኛው ከንጋት ነው የሚቆጥረው፤ ጠዋት ከንጋቱ አንድ ሰዓት ሲያልፍ አንድ ይላል። እማዬ ደስታዋን አልቻለችውም። «አየህ፣ እነዚህ ሰዎች ሰዓታቸው ልክ ነው። የተበላሸው ያንተ ስልክ ነው።» ከዚያ በኋላ አስተርጓሚ አልፈለገችም። ስኳር «ሱካሪ»፣ ሳሙና «ሳቡኒ»፣ ደቂቃ «ዳኪካ» እንደሆነ ስትሰማ ጭራሽ አገሯ ገባች።

ምሽጉ ፎርት ጂሰስ ይባላል። ፖርቹጋሎች ናቸው እ.ኤ.አ. በ1593 ኮራል ድንጋይ ላይ መገንባት የጀመሩት። ከላይ ሲያዩት በጀርባው የተኛ ሰው ይመስላል ይላሉ፤ እኛ ከታች ስለሆንን ግድግዳ ብቻ ነው ያየነው። የውጭ ዜጋ የሚከፍለው ከአገሬው በብዙ እጥፍ ነው። ልናኮርፍ አልን፤ እኛስ ላሊበላ ላይ ፈረንጁን ምን እንደምናስከፍለው ትዝ ሲለን ተውነው።

ባለቤቴ ከአስጎብኚው አፍ እየነጠቀች ማስተማር ጀመረች። ቫስኮ ዳ ጋማ ሞምባሳ የደረሰው በ1498 ነው። ልጁ ክሪስቶፎር ዳ ጋማ ደግሞ በ1541 400 ወታደር ይዞ በምጽዋ በኩል ወደ እኛ አገር ገባ፣ ግራኝ አሕመድን ሊወጋ። በዓመቱ ተማርኮ ተገደለ። «አባትየው እዚህ፣ ልጅየው እኛ ጋ» አለች ትልቋ፣ የጎረቤት ልጆች ይመስል።

አስጎብኚው ወደ ከበባው አለፈ። በ1696 ኦማኖች ምሽጉን ከበቡት። ውስጥ ያለው ሰው በረሃብም በበሽታም አለቀ፤ ምሽጉ የተያዘው ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር ገደማ ቆይቶ ነው። ለእማዬ አስተረጎምኩላት።

«ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር? እኛ በ2014 ያችን አንድ ወር እንኳን…»

አልጨረሰችውም። የመድፉን አፍ በእጇ ነካ አድርጋ ወደ ጥላው ሄደች።

የድሮው ከተማ ጠባብ መንገዶች፣ የተፈለፈሉ የእንጨት በሮች፣ ሰገነቶች፤ ሐረርን ላየ ሰው እንግዳ አይሆኑም። አመሻሽ ላይ ከሰል ላይ በተጣደ የናስ ጀበና ቡና የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ስኒዋ የእኛኑ ታክላለች። ቡናው መራራ ነው፣ ዝንጅብል አለው። እማዬ ሁለት ጠጣች፤ ሦስተኛ የለም ሲሏት «በረካውንስ?» ብላ ታዘበቻቸው።

ሐሙስ፣ በዕቅዱ መሠረት፣ ባሕር። ባጃጅ ተኮናተርን፤ እነሱ ቱክ ቱክ ይሉታል። ከኒያሊ አለፍ ብሎ ወዳለው የሕዝብ ዳርቻ ልክ 4፡00 ደረስን። ልክ በሰዓቴ። ልጆቹ እየሮጡ ቀደሙን፣ ከዚያ ቆሙ።

ባሕር የለም።

አሸዋ አለ። እርጥብ አሸዋ፣ አረንጓዴ ሣር የመሰለ ነገር፣ በጎናቸው የተኙ ጀልባዎች። ከቤቴ እስከ ሸዋ በር በሚያህል ርቀት ላይ አንድ ነጭ መስመር ይታያል። ባሕሩ እሱ ነው። አምስት ሰው፣ የአውሮፕላን ቲኬት፣ ዶላር፣ ክትባት፤ ሁሉንም በሐሳቤ ደመርኩት። ባለቤቴ ወደ ደብተሩ ገጽ አየች፤ ምንም አለማለቷ ከመናገሯ ባሰብኝ።

በዚህ ላይ ግመል መጣ። አዎ፣ ግመል፣ በባሕር ዳርቻ፣ ቱሪስት የሚያስጋልብ። ትንሹ ልጄ ካልወጣሁ ብሎ አለቀሰ። ዋጋ ጠየቅኩ። «ኤልፉ ሞጃ!» እልፍ የምትለዋን ሰምቼ ክው አልኩ። እልፍ እኛ ጋ አሥር ሺህ ነው፤ እነሱ ጋ አንድ ሺህ መሆኑን ሰውየው ብሩን አውጥቶ ሲያሳየኝ ነው የገባኝ። እማዬ ግን በአንድ ሺሁም አልተጽናናችም። «ግመል? ባቲ ሰኞ ገበያ ስንት መቶ ግመል እየተጋፋህ ታልፍ የለ? ለዚህ ነው በአየር የመጣኸው?»

ያዳነን እሸት ኮኮናት የሚሸጥ ሽማግሌ ነው። ፊታችንን አይቶ ሳቀ። ምንጣፉን ለእማዬ ለቀቀላት። አሥር ጣቶቹን ዘረጋ፣ «ሳ ኩሚ» አለ። ከዚያ ወደ ሰማይ ጠቆመና በሁለት እጁ ክብ ሠራ። እኔ አልገባኝም። እማዬ ጭኗን መታች።

«ጨረቃ! ዛሬ እኮ ሻዕባን አሥራ አምስት ነው። ጨረቃዋ ሞልታለች። ውሃው በእሷ ነው የሚሄደው፤ አሥር ሰዓት ይመጣል ነው የሚልህ።»

ባለቤቴ አረጋገጠችልን። ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወለድ የጨረቃና የፀሐይ ስበት ይደመራል፤ ውሃው አብዝቶ ይርቃል፣ ሲመለስም አብዝቶ ይወጣል። እኔ ቀኑን የመረጥኩት በፈቃድ ፎርሜ ነበር።

ዕቅዱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ስድስት ሰዓት ያህል እዚያው ዋልን። ልጆቹ አለት ሥር በቀረች ኩሬ ውስጥ ባለ አምስት ክንድ የኮከብ ዓሣ አገኙ፤ በጣት ሲነኩት ክንዱን በቀስታ ያጥፋል። ሽማግሌው በየመሐሉ እየጮኸ እሾሃሟን ጥቁር እንስሳ እንዳይረግጡ ይመልሳቸው ነበር። ኮኮናት አንዱን በ100 ሺሊንግ ጠጣን። ለምንጣፉ ልክፈል ብለው ተቆጣ።

ውሃው ሲመጣ ድምፅ የለውም። መጀመሪያ ቀጭን ምላስ ልኮ የልጆቹን የእግር ዱካ ሞላ። ከዚያ ጀልባዎቹ አንድ በአንድ ቀና ቀና አሉ። ቆሜ ሳይ የግራ ጫማዬ ሄደ። አሥር ሰዓት ሲል፣ በእማዬም በሽማግሌውም ሰዓት፣ አሸዋው ሁሉ ባሕር ነበር።

እማዬ ቀሚሷን ሰብስባ እስከ ጉልበቷ ገባች። ብዙ ቆየች። አጠገቧ ስደርስ እየሳቀች ነበር።

«አባትህ 'ባሕሩ ይሄዳል፣ ደግሞ ይመጣል' ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ 'ጫቱ ነው የሚያናግርህ' እለዋለሁ። አላህ ይማረው።»

መግሪብ ካልደረሰ አልወጣም አለች።

በአንድ ሃይላንድ የባሕር ውሃ ሞልታ በጋቢዋ ጠቅልላ ሻንጣ ውስጥ አስገባችው። ደሴ ስንደርስ ግማሹ ጋቢው ላይ ፈሷል። በቀረው በማግስቱ ጎረቤቶቿን ቡና ጠርታ አስቀመሰቻቸው። በጣታቸው እየነኩ ቀመሱ፣ ፊታቸውን አኮማተሩ፣ ተፉ። እማዬ አቦሉን እየቀዳች ጀመረችላቸው። ባሕሩ ጠዋት ጥሎ ይሄዳል፣ ማታ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል።

አብሮ አደጓ ስኒዋን አስቀመጠች።

«አንቺ ሴት፣ ጫት ጀመርሽ እንዴ?»