«መድኃኒቱ አንሷል» የሚለው ውጤት

በቃጠሎ ክፍል ፋርማሲስት ሆኜ ስሠራ ካገኘኋቸው ታካሚዎች አንዷ ከገጠር የመጣች ወጣት ነበረች። የሚጥል በሽታዋ ምግብ እያበሰለች ሳለ ተነሥቶባት እሳቱ ላይ ወድቃለች። መሬት ላይ እሳት በሚነድበት ቤት ይህ ብርቅ አደጋ አይደለም፤ ራሱን የሳተ ሰው እጁን እንኳ ከእሳት አያሸሽም።

ከሳምንታት በኋላ እግሯ አበጠ። እናቷ «ልጄ፣ የወፍ በሽታ ይሆን እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ዐይኗ ቢጫ አልሆነም፤ የወፍ በሽታ አልነበረም። ጉበቷ ግን በእርግጥ ተነክቶ ነበር፤ የእናት ጥርጣሬ መሬት ጠብ አላለም።

ከባድ ቃጠሎ ቆዳ ላይ አይቆምም። አድሬናሊንን የመሳሰሉ ሆርሞኖች በሰውነት የተከማቸውን ስብ እየፈቱ ደም ውስጥ ይለቁታል። ስቡ ጉበት ላይ ይከማቻል፣ ጉበትም ያብጣል፤ ክፉኛ በተቃጠሉ ሕፃናት መጠኑ ከእጥፍ በላይ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ አለ። በዚያ ላይ ጉበት ሰውነት ሲጎዳ የሚበዙትን እንደ ሲአርፒ ያሉ ፕሮቲኖች በብዛት ሲያመርት፣ ውሃን በደም ሥር ውስጥ የሚይዘውን አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን መሥራቱን ይቀንሳል። ያለውም አልቡሚን በቁስሉ በኩል ይፈሳል። የእሷ በዴሲሊትር 1.8 ግራም ደርሶ ነበር፤ የጤነኛ ሰው ከ3.5 እስከ 5 ነው። እግሯን ያሳበጠውም ይኸው ነው።

በዚህ መሀል ቤተሰቡ ውጭ ያሠራው፣ ለሚጥል በሽታዋ የምትወስደው የፌኒቶይን መጠን በደሟ የተለካበት ምርመራ መጣ፤ በሊትር 6 ሚሊግራም። የሚፈለገው ከ10 እስከ 20 ነው። ሬዚደንቱ፣ በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያለው ሐኪም፣ «በሽታው ዳግም ከሚጥላት መጠኑን እንጨምር» አለ። ስጋቱ እውነተኛ ነበር፤ ያን ቁስል ያየ ሰው ሌላ መውደቅ እንዲመጣ አይፈልግም።

«ዶክተር፣ አልቡሚኗን አይተኸዋል?» አልኩት።

ከፌኒቶይን 90 በመቶ ያህሉ ደም ውስጥ ከአልቡሚን ጋር ተጣብቆ ይዞራል፤ በሽታውን የሚገታው የቀረው ነፃው ነው። አልቡሚን ሲያንስ ጠቅላላው ቁጥር ይወርዳል፣ ነፃው ግን በቂ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ከአልቡሚኗ ጋር አስተካክለን ስናሰላው ያ 6 ወደ 13 ገደማ ሆነ። መጠኑን ብንጨምር ደግሞ ጣጣው ቀላል አልነበረም፤ ፌኒቶይንን የሚያስወግደው ያው ጉበት ነው፣ አቅሙም ቶሎ ስለሚሞላ ትንሽ ጭማሪ የደሙን መጠን በብዙ ያንረዋል።

ስሌት ግምት ነው፤ ነፃውን የሚለካልን ላብራቶሪም አላገኘንም። ስለዚህ ወደ እሷው ሄድን። ሆስፒታል ከገባች ወዲህ በሽታው አልተነሣባትም። መድኃኒቱ ሲበዛ የሚታዩት ምልክቶችም የሉባትም፤ ዐይኗ አይርገበገብም፣ እጇ አይንቀጠቀጥም፣ ስናናግራትም ሳትደነጋገር ትመልሳለች። ሬዚደንቱ መጠኑን እንዳለ ተወው፤ እኔም እናቷን እንቁላሉንና ወተቱን እንዲያበረቱ ለመንኳቸው።

አሁን በክፍላችን ፌኒቶይን ሲታዘዝ አልቡሚንም በዚያው ወረቀት ይታዘዛል። ቁስሉ እየዳነ አልቡሚን ሲመለስ ስሌቱም እንደገና ይሠራል።