ስካነሩን ከመሰካቴ በፊት የምጽፈው መስመር

በዚህ ሰሞን ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር በአንድ ኮሮላ ብልሽት ላይ ክፉኛ ተከራክረን፣ ሳንኮራረፍ ሥራውን ጨርሰን ምሳችንን አብረን በላን። ጋራዥ ውስጥ ያልዋለ ሰው ይህን እንደ ቁም ነገር ላይቆጥረው ይችላል፤ በእኛ ሙያ ግን «እኔ ያልኩት ካልሆነ» ብሎ መፍቻውን ጥሎ የሚወጣ ብዙ ስለሆነ፣ ለእኔ ትልቅ እርምጃ ነው። በችሎታ መተማመንና ማን አለብኝነት የት ላይ እንደሚለያዩ በራሴ ሥራ ላይ ስፈትሽ ቆይቻለሁና፣ የደረስኩበትን ለሙያ ጓደኞቼ ላካፍል።

አጀማመሬን ባጭሩ ልለፈው። እንደ አብዛኞቻችሁ በረዳትነት መፍቻ እያቀበልኩ አደግሁ፤ የሞተር ድምፅ መለየትን ከአንጋፋዎች ተማርኩ፤ በኋላም ሥልጠና ወስጄ ወደ ስካነር ሥራ ገባሁ፤ ስካነር ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር ተሰክቶ የብልሽት ኮዶችን የሚያነብ መሣሪያ ነው። አንጋፋዎቹን ዛሬም አከብራለሁ፤ ጆሯቸው በከንቱ አልተመሰገነም።

ለረጅም ጊዜ ያስቸገረኝ ፒ0171 የሚባለው ኮድ ነው። ኮዱ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ሞተሩ ውስጥ ነዳጁ ለአየሩ አንሷል የሚል ነው። ምክንያቱን ግን አይነግረንም። ከአየር መለኪያው በኋላ ወደ ሞተሩ በሚወስደው በኩል የተሰነጠቀ ቱቦ፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ፣ የደከመ የነዳጅ ፓምፕ፣ ከኦክስጅን ሴንሰሩ (በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ከሚለካው) በፊት የሚያፈስ ጭስ ማውጫ፣ ሁሉም ያንኑ ኮድ ሊያመጡ ይችላሉ። የባለሙያ ጠባይ የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ ፓምፕ ነው ይላል፣ ሌላው ሴንሰር ነው ይላል፣ የሁለቱም ድምፅ ግን እኩል እርግጠኛ ነው። ጥፋቱን በአዲስ አበባ ከፍታ የሚያሳብብም አጋጥሞኛል። ከ2,300 ሜትር በላይ ያለ ከተማ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር (በድሮ መኪኖች ላይ ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) እዚህ ሲሠራ ነዳጅ ያበዛል እንጂ አያሳንስም፤ ነዳጁ በኮምፒውተር ትእዛዝ በሚረጭበት የኢንጀክሽን መኪና ላይ ደግሞ ኮምፒውተሩ የገባውን አየር አስልቶ ነዳጁን ይመጥናል። ማብራሪያው ከመሠረቱ የተገለበጠ ነው፤ ሆኖም በሙሉ ልብ ስለሚነገር ማንም አይጠይቀውም።

እኔን የረዳኝ መሣሪያ ተራ ደብተር ነው። ስካነሩን ከመሰካቴ በፊት ጥርጣሬዬን እጽፋለሁ፤ ከሥሩም «እንዲህ ሆኖ ካገኘሁት ሐሳቤን ትቻለሁ» የሚል አንድ መስመር እጨምራለሁ። ለፒ0171 ይህ መስመር የሚጻፈው በፊውል ትሪም ቁጥር ነው። ትሪም ማለት ኮምፒውተሩ ጉድለቱን ለማካካስ ምን ያህል ነዳጅ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ በመቶኛ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ሲሆን (ነዳጅ ሳይረገጥ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ) የሚገባው አየር ጥቂት ስለሆነ በስንጥቅ ሾልኮ የሚገባው አየር ድርሻው ትልቅ ይሆናል፤ ዙሩ በደቂቃ ወደ 2,500 ሲወጣ ግን ዋናው አየር ስለሚበዛ የስንጥቁ ድርሻ ያንሳል፣ ቁጥሩም ይወርዳል። ፓምፕ ሲደክም ነገሩ ይገለበጣል፤ ሞተሩ ሸክም ሲበዛበትና ብዙ ነዳጅ ሲፈልግ ጉድለቱ ይብሳል። ስለዚህ ፓምፕ ነው የሚል ሰው «ዙሩ ሲጨምር ቁጥሩ ከወረደ ትቻለሁ» ብሎ መጻፍ አለበት።

በዚያ ኮሮላ ላይ ያደረግነው ይህንኑ ነው። ባልደረባዬ ፓምፕ አለ፣ እኔ ቱቦ አልኩ፤ ሁለታችንም ጻፍን። ሚኒሞ ላይ ከ20 በመቶ በላይ የነበረው ቁጥር ዙሩ ሲጨምር ወደ 4 ወረደ። ደስ ያለኝ የእኔ ግምት መያዙ ብቻ አልነበረም (እሱም ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም)፤ ባልደረባዬ ሳይከፋው የእጅ ባትሪውን አብርቶ ከቱቦው ሥር ባለው እጥፋት ውስጥ ያለውን ስንጥቅ ከእኔ ቀድሞ ማግኘቱም ነው። እኔ ካሸነፍኩት ቁጥሩ አሸነፈው ቢባል ይሻላል፤ በቁጥር መሸነፍ ደግሞ አያዋርድም።

በራሱ የሚተማመን ባለሙያ ሐሳቡን ሊያፈርስ የሚችለውን ፈተና አስቀድሞ የሚናገር ነው፤ ማን አለብኝ ባዩ ፈተናውን ራሱን እንደ ድፍረት ይቆጥራል። ፒ0301፣ ማለትም አንደኛው ሲሊንደር በትክክል አይነድም የሚለው ኮድ ሲመጣ፣ የአንደኛውን ሲሊንደር ኮይል (ለካንዴላው የእሳት ብልጭታ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን) ከሦስተኛው ጋር አቀያይሮ ኮዱ ወደ ፒ0303 መዞሩን ማየት የደቂቃዎች ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ይህን ሳያደርግ ለደንበኛ አዲስ ኮይል የሚያስገዛ ሰው ፈጣን ሊባል አይገባውም። «እኔ ምን አውቃለሁ» የሚለውንም ትሕትና አልወደውም፤ ደንበኛው የሚከፍለው ለመልስ ነው።

የማዕረግ ጉዳይ ግን በደብተር ብቻ አይፈታም። በመጋቢት 1969 በእኛ አቆጣጠር፣ በፈረንጆቹ 1977፣ በቴነሪፍ ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ማኮብኮቢያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። ለመነሳት ያኮበኮበው አውሮፕላን ካፒቴን በድርጅቱ የታወቀ አሠልጣኝ ነበር፤ የበረራ መሐንዲሱ ሌላኛው አውሮፕላን ማኮብኮቢያውን ለቅቆ እንደሆነ ሲጠይቅ፣ ካፒቴኑ በእርግጠኝነት «አዎ» አለ፤ መሐንዲሱም ከዚያ በላይ አልገፋም። ከዚያ ወዲህ አየር መንገዶች ዝቅ ያለው እንዲናገር፣ ከፍ ያለው እንዲሰማ ማሠልጠን ጀመሩ። እኛ ጋ ረዳት ጋሼን ይጠይቃል ወይ? አይጠይቅም። ስለዚህ የጻፍኩትን መስመር ጮክ ብሎ የሚያነበው ረዳቴ እንዲሆን አድርጌያለሁ፤ ሲያነበው እኔን መቃወሙ ሳይሆን የታዘዘውን መሥራቱ ስለሆነ አያፍርም።

ምክሬን ግን እንዳለ አትውሰዱት። ደንበኛ አጠገቤ ሲቆም ደብተሩን አልገልጠውም፤ «መካኒኩ አያውቅም» እንዳይባል እፈራለሁ። ስልኩ ላይ ቪዲዮ አይቶ የሚያርመኝ ወጣት ሲመጣም ፊቴ አሁንም ይቀየራል፤ ልክ ሲሆን ደግሞ ይብስብኛል።

አሁን የያዝኩት ፒ0420 ነው፤ ጭሱን የሚያጣራው ካታሊቲክ በሚገባ አይሠራም የሚል ኮድ ነው። ብዙዎቻችን ኮዱን እንዳየን ካታሊቲኩ ሞቷል እንላለን፤ የጭስ ማውጫ ፍሳሽም ሆነ የኋላው ኦክስጅን ሴንሰር ግን ያንኑ ሊያስመስል ይችላል። ለጊዜው ፍሳሹን አስቀድሜ እፈትሻለሁ፤ «ካታሊቲክ ነው» ለሚለው ሐሳብ ግን የማምንበት የማፍረሻ መስመር ገና አልጻፍኩም። በጋራዥ ዕቃ ብቻ የሚሠራ ፈተና ያላችሁ ብታካፍሉኝ ደብተሬ ላይ አሰፍረዋለሁ።