ግንቦት 8 ተሳክቶ ቢሆን ኖሮ

ደብረ ዘይት ያደገ ሰው «ግንቦት 8 ተሳክቶ ቢሆን ኖሮ» የሚለውን ሐረግ ሳይሰማ አላደገም። (ቢሾፍቱ ማለት የለመደ ቢሾፍቱ ይበል፤ እኛ የአየር ኃይል ልጆች አፋችን እምቢ ይለናል።) በልቅሶ ቤት፣ በሰርግ ድንኳን፣ በእድር ስብሰባ ይነሣል። ያ ቀን 1981 ዓ.ም. ነው። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ወደ ምሥራቅ ጀርመን ከበረሩ በኋላ ጄኔራሎቹ መከላከያ ሚኒስቴር ተሰብስበው «ከእንግዲህ አይመለስም» ብለው መፈንቅለ መንግሥት የሞከሩበት፣ ሳይመሽም ነገሩ የተበላሸበት ቀን።

አባቴ ሃምሳ አለቃ ነበር፤ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ። ያን ጊዜ የምንኖረው አሥመራ ነው። አሁን ጡረታው ላይ ወፍጮና የውሃ ፓምፕ ይጠግናል። ሠራዊቱ ከተበተነና እሱም ከተሃድሶ ጣቢያ ከተመለሰ በኋላ የጀመረው ሥራ ነው፤ ከሚግ ሞተር ወደ በቆሎ ወፍጮ። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በራችን ላይ ከጎረቤታችን ጋር ዳማ ይጫወታል። ጎረቤታችን የቀድሞ የኢሕአዴግ ታጋይ ነው። አንዱ የቢራ፣ ሌላው የአምቦ ውሃ ቆርኪ ይይዛል፤ ንጉሥ የገባው ቆርኪ ይገለበጣል። አባቴ «ታጋይ» ይለዋል፣ እሱም አባቴን «ሃምሳ አለቃ»። ስማቸውን ሲጠራሩ ሰምቼ አላውቅም።

«ጄኔራል ቁምላቸው አየር ወለዱን ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ በቀጥታ መከላከያን ቢያስለቅቅ ኖሮ፣ አንተ ዛሬ እዚህ አትቀመጥም ነበር» ይላል አባቴ፣ ቆርኪውን እየገፋ።

«እኔማ እመጣ ነበር። አንተ ነህ የማትኖረው፤ እርስ በርሳችሁ ትፋጁ ነበር» ይመልሳል ታጋይ።

እውነቱን ለመናገር ከሁለቱ ለታጋይ አደላለሁ። የአባቴ ሕልም የሚታወቅ ነው፦ ኤታማዦር ሹሙ መርዕድ ንጉሤና የአየር ኃይል አዛዡ አምሃ ደስታ ሥልጣኑን ይይዛሉ፣ አሥመራ ላይ የጦሩ አዛዥ ደምሴ ቡልቶ ከሻዕቢያ ጋር ይስማማል፣ ጦርነቱ በሳምንታት ይቆማል፣ አሰብ የእኛ እንደሆነ ይቀራል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ። ለዚህ ሕልም መነሻ የሚሆን ነገር አልጠፋም። ሻዕቢያ ሙከራው እንደተሰማ ለሁለት ሳምንት ተኩስ አቁሜያለሁ ብሎ ነበር። ሠራዊቱም በሽንፈት ላይ ሽንፈት መሮታል፦ አፋቤት በመጋቢት 1980፣ ሽሬ በየካቲት 1981። ከሽሬ በኋላ መንግሥት ትግራይን ለቆ ወጥቷል። ሕልሙ የሚፈርሰው ከዚህ በኋላ ነው። ሻዕቢያ ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ የጠየቀው ሕዝበ ውሳኔ ነው። የትኛው ጄኔራል ነው፣ ያን ያህል ወታደር ካስቀበረ በኋላ፣ ሥልጣን በያዘ በወሩ ሕዝበ ውሳኔ የሚፈርመው? በ1966ም መለዮ ለባሾች «ያለ ምንም ደም» ብለው ነው የገቡት። ግንቦት 8 ራሱ ገና ሳይመሽ የመከላከያ ሚኒስትሩን የጄኔራል ኃይለ ጊዮርጊስ ሀብተ ማርያምን ደም አፍስሷል፤ ተኳሹም ከአድማው መሪዎች አንዱ ጄኔራል አበራ አበበ ነው።

እናቴ ደግሞ በዚህ ክርክር ትሰለቻለች። የእሷ «ቢሆን ኖሮ» ከሁለቱም ይርቃል። አሥመራ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ነሐሴ 1966 ብዙም ሳይቆይ የደርግ ሊቀ መንበር የሆነው ጄኔራል አማን አንዶም ኤርትራን ሲጎበኝ ሕዝቡ እንዴት እንደተቀበለው ታስታውሳለች። «አማንን ባይገድሉት ይህ ሁሉ አይመጣም» ትላለች፣ ሰፌዷን ሳታስቀምጥ። አማን በኅዳር 14 ቀን 1967 ከቀድሞ ባለሥልጣናቱ ጋር በአንድ ሌሊት ሞተ፤ በንግግር እንፍታው የሚለው ሐሳብም አብሮት። እናቴን በዚህ አልከራከራትም። ልከራከራት ብሞክርም «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» ተብሎ ያበቃል።

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ማን አሸነፈ የሚለው አይደለም። ጦርነቱ ሲያልቅ ጠረጴዛ ላይ ማን ተቀምጦ ነበር የሚለው ነው።

በ1981 መጨረሻ አትላንታ ላይ የአሜሪካ የቀድሞ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር መንግሥትንና ሻዕቢያን አገናኝተው ነበር። ኅዳር 1982 ናይሮቢ ላይ ቀጠለ። ምን ተወራ? አጀንዳው፣ ሰብሳቢው፣ ታዛቢው። ዋናው ጉዳይ ገና ሳይነካ ታዛቢ ማን ይሁን በሚለው ክርክር ተጓተተ፤ በየካቲት ሻዕቢያ ምጽዋን ያዘ፤ ከዚያ በኋላ ለመደራደር የሚቸኩል አልነበረም። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ከመፈንቅለ መንግሥቱ የተረፉ 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። አባቴ የሚያዝነው ለሰዎቹ ነው፤ አብሯቸው የሠራ ነውና አልፈርድበትም። እኔን የሚገርመኝ መንግሥት ጦርነቱን የሚያውቁለትን መኮንኖች በገዛ እጁ ጨርሶ፣ ወዲያው ደግሞ በዚያው ጦር ሊደራደር ማሰቡ ነው።

ከዚያ ለንደን መጣ። ግንቦት 13 ቀን 1983 መንግሥቱ አገር ጥለው ሄዱ። ግንቦት 16 ሻዕቢያ አሥመራ ገባ። ግንቦት 19 ለንደን ላይ ስብሰባው ሲከፈት ጠቅላይ ሚኒስትር ተስፋዬ ዲንቃ የሚወክሉት መንግሥት በእጁ የቀረ ነገር አልነበረም፤ አዲስ አበባ ላይ መንግሥቱን የተኩት ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን ከተማዋን መቆጣጠር እንዳልቻሉ ለአሜሪካኖቹ ተናግረዋል። ሸምጋዩ የአሜሪካ ዲፕሎማት ኸርማን ኮኸን ኢሕአዴግ እንዲገባ ድጋፉን ሰጠ፣ ተስፋዬ ዲንቃ ተቃውመው ወጡ፣ በማግስቱ ታንኩ ገባ። ተሸናፊው ወገን አንዲት ወረቀት አልፈረመም። ፈራሚ ስላልነበረ ደግሞ ለሠራዊቱ የጠየቀለት የለም። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ወታደር ያለ ጡረታ፣ ያለ ስንብት ተበተነ። በዚያ ክረምት በካኪ ልብስና በሸራ ጫማ ደብረ ዘይት አስፋልት ዳር ቆሞ የሚለምነው ወታደር ብዙ ነበር። እናቴ ዳቦ ቆርሳ ለአንዱ እንድሰጥ ስትልከኝ መታወቂያውን አውጥቶ አሳየኝ፤ ሌባ አይደለሁም ለማለት መሰለኝ። ፎቶው ላይ ጺሙን ተላጭቷል፣ ኮፍያ አድርጓል። ዳቦውን ተቀብሎ መታወቂያውን በፌስታል ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ከተተ።

አሁን ገልብጣችሁ አስቡት። ናይሮቢ ተሳክቶ ቢሆን፣ ወይም ሁለቱም ወገን ገና ሊጎዳዳ በሚችልበት ሰዓት ተኩስ አቁም ተፈርሞ ቢሆን፣ ኤርትራ ትቀር ነበር አልልም። አትቀርም ነበር። በሚያዝያ 1985 ሕዝበ ውሳኔ 99 ከመቶ በላይ ነጻነትን መርጧል፤ ይህን ያህል የቆረጠ ሕዝብ በፌዴሬሽን ተባብሎ አይመለስም፣ አባቴ ይቅር ይበለኝ። የሚለየው አለያየቱ ነው። ከፊት ለፊት የተቀመጠ ባላጋራ ካርታ ያስዘረጋል፤ ድንበሩ የት ነው፣ ወደቡ በስንት፣ አዲስ አበባ የሚኖረው ኤርትራዊ ዜግነቱ የት ነው ብሎ ይነተርካል። በ1983 ግን ጠረጴዛው ላይ የቀሩት አብረው ያሸነፉ ሁለት ግንባሮች ናቸው። ጓደኛ ከጓደኛው ጋር ድንበር ለመለካት ያፍራል። ከሕዝበ ውሳኔው በኋላ የወዳጅነትና የንግድ ስምምነቶች ተፈርመዋል፣ የአሰብም ነገር አለበት፤ ድንበሩ ግን መሬት ላይ አልተሰመረም፣ በሕዝበ ውሳኔው ድምፅ የሰጠው ኢትዮጵያ ነዋሪ የማን ዜጋ እንደሆነ ተድበስብሶ ቀረ።

ሒሳቡ የመጣው በ1990 ነው። ኤርትራ የራሷን ገንዘብ ናቅፋን አወጣች፣ ንግዱ ተበላሸ፣ ግንቦት ላይ የባድመ ጦርነት ተነሣ። በሕዝበ ውሳኔው ድምፅ ሰጥተሃል የተባለ ሰው በሌሊት ከቤቱ እየተወሰደ ተባረረ፤ ከወዲያም ኢትዮጵያውያን ተባረሩ። ስልኩ ተዘጋ፣ በረራው ተቋረጠ። አያቴ አሥመራ ያረፈችው በዚያ መሃል ነው። እናቴ መርዶውን የሰማችው ስዊድን ባለች አክስቴ በኩል ነው፣ ያውም ሠልስቱ ካለፈ በኋላ። ሐምሌ 2010 መስመሩ ሲከፈት መጀመሪያ የደወለችው የድሮ የቤታቸውን ቁጥር ነው። አንድ የማታውቀው ወጣት አነሣና በትግርኛ አወራት፤ እዚያ ቤት ማን እንደነበር አያውቅም። እሷ ግን ስለ ግቢው በለስ ዛፍ ሳትጠይቀው አልዘጋችውም። ተቆርጧል አላት።

ይህን ሁሉ ለሁለቱ ዳማ ተጫዋቾች ስነግራቸው አይቀበሉኝም። ታጋይ «ያሸነፈ ሰው ከተሸናፊ ጋር ምን ይደራደራል? አሥራ ሰባት ዓመት የተዋጋነው ወንበር ለመካፈል ነው እንዴ?» ይላል። እንደ እሱ ሆኖ ላየው ሰው መልሱ ስሕተት የለበትም፤ ለዚህ ነው የሚያስፈራኝ። ባድመ ሁለት የአጎቱን ልጆች እንደቀበረ ግን በዚሁ አፉ ይናገራል።

አባቴ ደግሞ ባለፈው «ፕሪቶሪያስ? ጥቅምት 2015 ሁለቱም ቁጭ ብለው ፈረሙ፤ ይኸው ያልሽው ተደረገ» አለኝ፣ እንደረታኝ ሁሉ። ልክ ነው፣ የትግራዩን ጦርነት ለማቆም መንግሥትና ሕወሓት ፈርመዋል። ከ1983 ይሻላል፤ ይህን አምናለሁ። ግን በዚያ ጦርነት የተዋጋው የኤርትራ ሠራዊትም ነው፣ አሥመራ ደግሞ ፕሪቶሪያ ላይ ወንበር አልነበራትም። ይህን ስለው ቆርኪውን አንሥቶ «ተራው የማን ነው?» ብሎ ወደ ታጋይ ዞረ።