ገንዘቡን ሳታዩ ኮሌጅ አትምረጡ፦ ከ11ኛ ክፍል ጀምሮ ለአሜሪካ ኮሌጅ መዘጋጀት

የመግቢያ ደብዳቤ በእጃቸው ይዘው አገር ቤት የሚቀሩ ልጆች አሉ። ኮሌጁ ተቀብሏቸዋል፤ ውጤታቸው ጥሩ ነው፤ እንግሊዝኛቸውም አይታማም። የሚያስቀራቸው ደብዳቤው ላይ የገንዘብ ድጋፍ አለመኖሩ ነው። በታወቁት የግል ኮሌጆች ትምህርቱ፣ መኝታውና ምግቡ ተደምሮ በዓመት ከ80 ሺህ ዶላር ያልፋል። ረከስ የሚለው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲም ቢሆን ለውጭ አገር ተማሪ የሚጠይቀው ዋጋ በደመወዝ ለሚተዳደር የኢትዮጵያ ቤተሰብ የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የመጀመሪያ ሥራ ኤስኤቲ ለሚባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና መጽሐፍ መግዛት ሳይሆን፣ ለውጭ አገር ተማሪ ሙሉ ወጪ የሚሸፍኑት የትኞቹ ኮሌጆች እንደሆኑ አጣርቶ መያዝ ነው።

ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት ተማሪ ሲመርጡ የመክፈል አቅሙን አያዩም፤ ከኢትዮጵያ ያመለከተም ቢሆን። ከተቀበሉት በኋላ ደግሞ ቤተሰቡ የማይችለውን በሙሉ ይሸፍናሉ። ይህ አሠራር ኒድ-ብላይንድ ይባላል። ነገር ግን ከመቶ አመልካች የሚቀበሉት ከአሥር በታች ስለሆነ እነሱን ብቻ ሞልቶ መቀመጥ ሎተሪ ቆርጦ ዕጣ እንደመጠበቅ ነው። የዝርዝራችሁን መሀል መያዝ ያለባቸው እንደ ዊሊያምስ፣ ስዋርዝሞርና ማካሌስተር ያሉት ናቸው። እነዚህ የውጭ አገር ተማሪ ሲመርጡ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ከግምት ያስገባሉ፤ የተቀበሉትን ግን አያጎድሉበትም። ኬንታኪ ያለው ቤሪያ ኮሌጅ ለብቻው መታየት አለበት፦ ከማንም የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም፤ ተማሪው በምላሹ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ግቢው ውስጥ ይሠራል።

እዚህ ላይ በጣም የሚጎዳው ስህተት «ድጋፍ ካልጠየቅኩ የመግባት ዕድሌ ይጨምራል፤ ከገባሁ በኋላ እጠይቃለሁ» የሚለው ስሌት ነው። አብዛኞቹ ኮሌጆች ሲያመለክት ድጋፍ ያልጠየቀ የውጭ አገር ተማሪን ከዚያ በኋላ አያስተናግዱም። ሁለተኛው ኤፍኤኤፍኤስኤ የሚባለውን ፎርም ለመሙላት መድከም ነው፤ እሱ የአሜሪካ ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች የመንግሥት ድጋፍ ፎርም ስለሆነ እናንተን አይመለከትም። አጎት ወይም አክስት ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ መኖራቸውም በተማሪ ቪዛ የሄደን ልጅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለግዛታቸው ነዋሪ የሚጠይቁትን ቅናሽ ዋጋ ከፋይ አያደርገውም። የዘመድ እርዳታ በእርግጥ የሚጠቅመው ሌላ ቦታ ነው፦ አብዛኞቹ ክፍያዎች በዶላር ካርድ ስለሚጠየቁ፣ ውጭ ያለ ሰው ካርዱን ቢያውሳችሁ የባንክ ቤት ምልልሱ ይቀርላችኋል።

ብዙ የግል ኮሌጆች የቤተሰብን አቅም የሚመዝኑት ሲኤስኤስ ፕሮፋይል በሚባል ፎርም ነው። ለመጀመሪያው ኮሌጅ 25 ዶላር፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ደግሞ 16 ዶላር ይከፈልበታል። መክፈል ለማይችል የነጻ ኮድ የሚሰጡ ኮሌጆች ስላሉ ለኮሌጁ የገንዘብ ድጋፍ (ፋይናንሻል ኤይድ) ቢሮ ኢሜይል ጽፎ መጠየቅ ነው፤ አያሳፍርም። ፎርሙ በብር ሊሞላ ይችላል፤ በብር ሙሉት። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገ በኋላ 57 አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በራሳችሁ ምንዛሪ እያሰላችሁ በዶላር ከጻፋችሁ የአባት ደመወዝ እንደየምንዛሪው ቀን እጥፍ ወይም ግማሽ ሆኖ ይታያል። ማስረጃው ለደመወዝተኛ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው፤ ለነጋዴ የግብር ደረሰኝ። ገበሬ ወይም በቀን ሥራ የሚተዳደር ወላጅ ከቀበሌ የገቢ ማስረጃ አጽፎ ወደ እንግሊዝኛ ማስተርጎም ይችላል።

ለወላጆች በተለይ፦ እባካችሁ ከሰው ተበድራችሁ የባንክ ደብተር አታሙሉ። ለኤምባሲ ያሳምራል በሚል የሚደረግ ነገር ነው፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። ኮሌጁ ያንን ገንዘብ ካየ ድጋፉን ይቀንሳል። ለኮሌጁ «የለንም» ብሎ ጽፎ ለቪዛ መኮንን ሚሊዮን ብር ማሳየትም ልጁን ውሸታም ያስመስለዋል። ሙሉ ድጋፍ ያገኘ ተማሪ ማሳየት ያለበት የኮሌጁን የድጋፍ ደብዳቤ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ከሁሉም የሚቀድመው ፓስፖርት ነው፤ የኤስኤቲ ምዝገባም፣ የእንግሊዝኛ ፈተናም፣ ማመልከቻውም ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ስም ይከተላሉ። የልደት ሰርተፊኬት ከሌላችሁ ከወረዳው ወሳኝ ኩነት አውጡና የፓስፖርቱን ማመልከቻ 11ኛ ክፍል ላይ ጨርሱት። የውጤት ካርዱ ላይ ካሳሁን በአንድ «ኤስ»፣ ሰርተፊኬቱ ላይ በሁለት «ኤስ» ተጽፎ ከሆነ ትምህርት ቤቱ ትራንስክሪፕቱን በፓስፖርቱ አጻጻፍ እንዲያዘጋጅላችሁ ጠይቁ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ፎርሞቹ ግን ይጠይቃሉ። ፓስፖርታችሁ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ ያሰፈረውን፣ የአባትም ይሁን የአያት፣ ሁሉም ፎርም ላይ ሳትቀያይሩ ድገሙት።

የልደት ቀን ላይ ዓመቱን ብቻ ቀይሮ 8 መደመር የተለመደ ስህተት ነው። መስከረም 15 ቀን 2000 የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 26 ቀን 2007 ተወለደ፤ ጥር 15 ቀን 2000 የተወለደው ግን ጃንዋሪ 24 ቀን 2008። ትራንስክሪፕት ላይም እንዲሁ ነው፦ 9ኛ ክፍል «2015» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ አሜሪካ ያለው አንባቢ ልጁ ከብዙ ዓመት በፊት የተማረ ይመስለዋል። ከጎኑ 2022/23 ተብሎ በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፍ። ከመቶ የተሰጠውን ውጤት ወደ 4 ነጥብ ለመቀየር አትሞክሩ፤ እንዳለ ይላክ። ደረጃ ሲጻፍም «3ኛ» ብቻ በቂ አይደለም፤ ከአንድ ሴክሽን 60 ተማሪ ነው ወይስ በክፍል ደረጃው ካሉት 400? ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ኮመን አፕ የሚባለው የጋራ ማመልከቻ የሚከፈተው ኦገስት 1 ነው፤ በእኛ ሐምሌ 25፣ 12ኛ ክፍል ልትጀምሩ ስትሉ። በአንድ ማመልከቻ እስከ 20 ኮሌጅ መሙላት ይቻላል። የቅድሚያ ማመልከቻው በብዛት ኖቬምበር 1፣ ማለትም ጥቅምት 22 አካባቢ ይዘጋል፤ መደበኛው ደግሞ በጃንዋሪ መጀመሪያ፣ ገና በሚከበርበት ሰሞን። መልስ እስከ መጋቢት ማለቂያ ይመጣል፤ ምርጫችሁን የምታሳውቁት እስከ ሜይ 1 ነው። የድጋፉ ፎርም የራሱ ቀነ ገደብ አለው፤ ከማመልከቻው ጋር አንድ ነው ብላችሁ አታስቡ።

እዚህ አገር ማመልከቻው የሚቆመው ብዙ ጊዜ መምህራን ጋ ነው። በኮመን አፕ ብዙ ኮሌጆች የአንድ ካውንስለር (የተማሪዎች አማካሪ) እና የሁለት መምህራን ደብዳቤ ይፈልጋሉ፤ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ኢሜይል ገብተው ራሳቸው ይልካሉ። ካውንስለር የሌለው ትምህርት ቤት ውስጥ ርዕሰ መምህሩ ወይም ዩኒት ሊደሩ ቦታውን መያዝ ይችላል። አብዛኛው መምህር ቴሌግራም እንጂ ኢሜይል አዘውትሮ አይከፍትም፤ ግብዣው ለሳምንታት ሳይነካ ይቀመጣል። መፍትሔው በመምህሩ ስም ኢሜይል ከፍቶ ደብዳቤውን ለራስ መጻፍ አይደለም። ያ ማጭበርበር ነው፤ ሲደረስበት ማመልከቻው ይሰረዛል። መስከረም ላይ ደብዳቤ እንዲጽፉ ጠይቋቸው፤ ክፍል ውስጥ የሠራችሁትን ሁለት ሦስት ነገር በወረቀት ጽፋችሁ ስጧቸው። የሚልኩበት ቀን ደግሞ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ አገናኟቸውና ገጹ ካስቸገራቸው አሳዩዋቸው። የማመልከቻ ክፍያ መክፈል እንደማትችሉ የሚያረጋግጠውም ያው በካውንስለርነት የተመዘገበው ሰው ስለሆነ ይህንንም አስቀድማችሁ ንገሩት።

ኤስኤቲን በተመለከተ፣ ሃርቫርድና ኤምአይቲ ይጠይቁታል፤ ብዙዎቹ ግን ለአመልካቹ ፈቃድ ትተውታል። ከአሜሪካ ውጭ ለሚፈተን ክፍያው ከ100 ዶላር ያልፋል፤ አዲስ አበባ ያሉት መፈተኛዎች ጥቂት ስለሆኑ ቦታው ቶሎ ይሞላል። ፈተናው በላፕቶፕ ወይም በታብሌት ብሉቡክ በሚባል መተግበሪያ ይሰጣል፤ 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ፣ 98 ጥያቄ። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ለመጀመርና መልሱን ለመላክ ነው፤ መሀል ላይ ቢቆራረጥ አትደንግጡ። ባትሪው ግን ጤነኛ ይሁን። እያንዳንዱ ክፍል ሁለት ሞጁል (ንዑስ ክፍል) አለው፤ በመጀመሪያው የወደቀ ሁለተኛው ቀላል ስለሚሆንለት ከፍተኛውን ነጥብ አያገኝም። ስለዚህ መጀመሪያው ላይ ተረጋግታችሁ ሥሩ። በእኛ ትምህርት ቤቶች ካልኩሌተር ስለማይፈቀድ ልጆቻችን ግራፉን በእጅ ለመሥራት ይደክማሉ፤ ፈተናው ውስጥ ያለውን የዴስሞስ ካልኩሌተር ቀደም ብላችሁ ተለማመዱት። መግቢያው 7:45 ሲል በእኛ ጠዋት 1:45 ነው፤ በሩ 2:00 ላይ ይዘጋል። ለእንግሊዝኛ ችሎታ ብዙ ኮሌጆች የዱዎሊንጎን ፈተና ይቀበላሉ፤ ከቶፍልና ከአይልትስ ይረክሳል፤ ከቤት ሆኖ በአንድ ሰዓት አካባቢ ያልቃል። መብራት ወይም ኔትወርክ ከጠፋ ግን ይበላሻል፤ ጄኔሬተር ያለበት ቢሮ ውስጥ፣ ሰው በማይገባበት ክፍል ተፈተኑ።

ኮመን አፕ ላይ ያለው ከትምህርት ውጭ የተሳትፎ ዝርዝር አሥር ቦታ አለው። ብዙ ልጅ «ክበብ የለንም» ብሎ ባዶ ይተወዋል። ፎርሙ የቤተሰብ ኃላፊነትንና ተከፍሎበት የሚሠራ ሥራን በስም ጠቅሶ ይጠይቃል። ከትምህርት በኋላ ሱቅ መቆም፣ ታናናሾችን ማሳደግ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ማስተማር፣ የሰፈር ልጆችን ሒሳብ ማስጠናት ሁሉም ይገባሉ፤ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሆነ በእውነት ጻፉ። 650 ቃል የሚፈቅደው ድርሰት ላይ የቤተሰብን ችግር ብቻ መዘርዘር አይረዳም፤ ችግሩን የድጋፉ ፎርም ይናገረዋል። እናንተ እንዴት እንደምታስቡ የሚታይበት አንድ ነገር ምረጡ።

ይህን ሁሉ በብዙ ሺህ ብር እንጨርሳለን የሚሉ ደላሎች አሉ። ማንም መግቢያ ዋስትና ሊሰጥ አይችልም፤ በኤምባሲው ሥር ያለው ኤዱኬሽን ዩኤስኤ ምክር በነጻ ይሰጣል።

ከተቀበላችሁ በኋላ ኮሌጁ ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 የሚባል ሰነድ ይልካል። ሴቪስ የሚባለው የውጭ አገር ተማሪዎች መመዝገቢያ ክፍያ 350 ዶላር፣ የቪዛ ማመልከቻው 185 ዶላር ነው፤ ሴቪስን ዘመድ ሲከፍልላችሁ ደረሰኙ በእናንተ ስምና በአይ-20 ላይ ባለው ቁጥር ይውጣ። ዲኤስ-160 የሚባለው የቪዛ ማመልከቻ ፎርም ላለፉት 5 ዓመታት የተጠቀማችሁባቸውን የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንቶች ስለሚጠይቅ አንዱንም አትደብቁ። ቃለ መጠይቁ ደቂቃዎች ብቻ ነው የሚወስደው፦ ለምን ይህ ኮሌጅ፣ ማን ይከፍላል፣ ምን ትማራለህ። የተሸመደደ መልስ ወዲያው ይታወቃል። የቪዛ ደንብ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ የኤምባሲውን ገጽ በዚያው ሳምንት አንብቡ።

ማትሪክን አትተዉ፤ ቪዛው ካልተሳካ የአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ በሩ በእሱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ የሚፈተን ተማሪ ለቀናት ስልክ አይዝም፤ ኮሌጁ ደግሞ የመኝታና የጤና ፎርም በዚያው ሰሞን ይልካል። ኢሜይሉን የሚከታተል ሰው ቤት ውስጥ መድቡ። ውጤቱ የሚመጣው ትምህርት እዚያ ከተጀመረ በኋላ ሊሆን ስለሚችል ማጠናቀቃችሁን የሚገልጽ ደብዳቤ ከትምህርት ቤቱ ቀድማችሁ ያዙ።

ክትባቱን ለመጨረሻ ሳምንት አታቆዩት። ኮሌጆች ኤምኤምአር የሚባለውን የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ክትባት ሁለት ጊዜ ይጠይቃሉ፤ በሁለቱ መካከል ቢያንስ 28 ቀን ያስፈልጋል፤ በሕፃንነት የኩፍኝ መከተብ ብቻውን አያሟላም። ቢሲጂ የሚባለውን የቲቢ ክትባት የተከተበ ሰው የቲቢ የቆዳ ምርመራ ላይ ፖዘቲቭ ሊወጣበት ስለሚችል በደም የሚደረገውን ምርመራ ጠይቁ። አሜሪካ መግባት የሚፈቀደው አይ-20 ላይ ካለው መጀመሪያ ቀን በፊት ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ብቻ ስለሆነ ከዚያ ቀደም ላለ ቀን ትኬት አትቁረጡ፤ አይ-20ውን፣ የድጋፍ ደብዳቤውንና የክትባት ካርዱን ከፓስፖርቱ ጋር በእጅ ሻንጣ ያዙ።